ፕሉቶ በእጅ ብልጫ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ ቡና ላይ የፕሉቶ ነገር ተነሳና ቤቱ ተሟሟቀ። «እጅ አውጥቶ ፕላኔት መሻር ምን የሚሉት ሳይንስ ነው?» አለ አንዱ። ብዙው ሰው ደገፈው። ቅሬታው ይገባኛል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2006 ፕራግ ላይ የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ጉባኤ ሊበተን ሲል ፕሉቶን ከፕላኔትነት በሻረው ውሳኔ ላይ 424 ሰዎች ብቻ ናቸው ድምፅ የሰጡት። ቢጫ ካርድ እያነሱ!

እኔ ግን መሻሯ ብዙም አልቆጨኝም። በ2005 ፕሉቶን የምታክል፣ እንደ እሷ ፀሐይን የምትዞር ኤሪስ የተባለች አካል መገኘቷ ሲነገር አንድ ነገር መወሰን ግድ ነበር። ወይ አሥረኛ ብሎ መቀበል፣ ከዚያ ተከታዮቿን ሁሉ፤ ወይ መስፈርት ማውጣት። በ1801 የተገኘችው ሴሬስም ለዓመታት ፕላኔት ተብላ ኋላ ወጥታለች። ለእሷ ማን አለቀሰ?

እኔን የሚከነክነኝ መስፈርቱ ነው። ፀሐይን መዞር፣ በራስ ስበት መድቦልቦል፤ ይሁን። ፕሉቶን የጣላት ሦስተኛው ግን «የምሕዋሯን አካባቢ ያጸዳች» ይላል፤ በምትዞርበት መንገድ ዙሪያ ያሉ ሌሎች አካላትን ጠራርጋ ያስወገደች ማለት ነው። ምን ያህል? አይናገርም። ሌሎች ከዋክብትን የሚዞሩትንም ጭራሽ አያካትትም።

ልጄ ክፍል ግድግዳ ላይ ያለው ቻርት ዘጠኝ ፕላኔት አለው። ዘጠነኛዋ ላይ አንዱ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርጎባታል። ለምን ሲባሉ ልጆቹ «ተባርራለች» ይላሉ፤ በቃ። እባካችሁ ሦስቱን መስፈርቶች ከነክርክራቸው በአንድ ገጽ አውጡልን። ቻርቱ አጠገብ እንለጥፈዋለን።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ