ርዳታው በራሱ በሚቀንስበት ዘመን ለምን ደግመን እንቀንሰዋለን?

ይድረስ ለዩናይትድ ኪንግደም የውጭ ጉዳይ፣ የኮመንዌልዝና የልማት ሚኒስቴር
ለዓለም አቀፍ ልማት ሚኒስትር
ለንደን

ክብርት ሚኒስትር፦

በሰሜን ለንደን የምኖር፣ ግብሬን የምከፍልና በምርጫ ድምፄን የምሰጥ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ዜጋ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ መንግሥትዎ ለውጭ ልማት ርዳታ የሚመድበውን ገንዘብ ከአጠቃላይ ብሔራዊ ገቢ 0.5 በመቶ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ2027 ወደ 0.3 በመቶ ለማውረድ የወሰነውን ውሳኔ በተመለከተ ነው። በአማርኛ የጻፍኩትም ውሳኔው በሁለት በኩል የሚነካቸው ወገኖቼ፣ ማለትም እዚህ ግብር እየከፈሉ እዚያ ደግሞ በርዳታው የሚኖሩ ዘመዶች ያሏቸው ሁሉ፣ አብረውኝ እንዲያነቡትና የሚስማሙበት ከሆነ ለየአካባቢያቸው የምክር ቤት አባል እንዲያሳስቡ ስለምሻ ነው።

ኑሮ እዚህም እንደከበደ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 የዋጋ ንረቱ 11.1 በመቶ በደረሰበት ወቅት፣ በሰፈሬ ሙሉ ቀን የሚሠሩ ወላጆች ጭምር ከምግብ ባንክ በር ላይ ሲሰለፉ፣ አረጋውያንም ማሞቂያቸውን አጥፍተው በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ሲውሉ አይቻለሁ። መንግሥት በእንዲህ ያለ ጊዜ እያንዳንዱን ወጪ መመርመሩ ግዴታው ነው፤ ለውጭ አገር የሚሰጠውም ገንዘብ ከምርመራው ነፃ ሊሆን አይገባም። ስለዚህ ርዳታው ፈጽሞ አይነካ እያልኩ አይደለም። የምከራከረው ስለ አቀናነሱ ነው። የርዳታው ልክ በመቶኛ የተሰፈረው አገሪቱ ስታገኝ ከፍ፣ ስታጣ ዝቅ እንዲል ታስቦ ነበርና፣ ኢኮኖሚው ሲዳከም መቶኛውን ራሱን መቁረጥ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆናል።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም፤ በተግባር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የእንግሊዝ ኢኮኖሚ በ10 በመቶ ገደማ ሲያሽቆለቁል፣ መንግሥት በዚያን ጊዜ በሕግ የተደነገገውን የ0.7 በመቶ የርዳታ ልክ ሳይነካ፣ ገቢው ስለቀነሰ ብቻ፣ በዚያው ዓመት አጋማሽ ከርዳታው 2.9 ቢሊዮን ፓውንድ ድረስ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ሕጉ የታሰበውን ሠራ ማለት ነው። ጥቂት ወራት ሳይቆይ በኖቬምበር ወር መቶኛው ራሱ ወደ 0.5 እንዲወርድ ተወሰነ። በ2019 15.2 ቢሊዮን ፓውንድ የነበረው ርዳታ በ2021 ወደ 11.4 ቢሊዮን ወረደ። የመንግሥት ጠቅላላ ዓመታዊ ወጪ በዚያን ጊዜ ከ1 ትሪሊዮን ፓውንድ በላይ እንደነበር ሲታሰብ፣ ከመቶኛው መቀነስ ይገኛል የተባለው 4 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ከጠቅላላው ወጪ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ለአገሪቱ ዕዳ ከቁጥር የማይገባ ቅናሽ ሲሆን፣ ለተቀባዮቹ ግን የክሊኒክ መዘጋትና የትምህርት መቋረጥ ነበር።

በጁላይ 2021 ምክር ቤቱ ጉዳዩን በ333 ለ298 ድምፅ ሲያጸድቀው፣ ቅነሳው ጊዜያዊ እንደሆነና ሁለት ሁኔታዎች ሲሟሉ እንደሚነሳ፣ እነርሱም መንግሥት ለዕለት ተዕለት ወጪው መበደሩን ሲያቆምና የዕዳው ጫና መቀነስ ሲጀምር እንደሆኑ ተነግሮን ነበር። ብዙዎቻችን ያንን አምነን ጠበቅን። በፌብሩዋሪ 2025 ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ የመከላከያ በጀቱን ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት ወደ 2.5 በመቶ ለማሳደግ ሲሉ ርዳታው ወደ 0.3 እንደሚወርድ አስታወቁ፤ ከእርስዎ በፊት በዚሁ ሥልጣን ላይ የነበሩት ሚኒስትርም በዚህ ምክንያት ሥራቸውን ለቀቁ። በኢኮኖሚ ችግር ስም የተጀመረ ጊዜያዊ ቅነሳ በሌላ ምክንያት ቋሚ ሆነ ማለት ነው። አውሮፓ ራሷን መከላከል እንዳለባት፣ የዩክሬን ሕዝብም መደገፍ እንዳለበት አምናለሁ፤ ነገር ግን የመከላከያ ወጪ ከአጠቃላዩ በጀት ተፈልጎ ይገኛል እንጂ በአንድ ወገን ብቻ፣ ያውም በምርጫ ድምፅ በሌለው ወገን ላይ ሊጫን አይገባም።

አሁን ስለማውቀው አገር ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2020 ከእንግሊዝ በቀጥታ ከሚረዱ አገሮች ሁሉ ትልቁን ድርሻ፣ ከ250 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የተቀበለችው ኢትዮጵያ ነበረች። የመቶኛው ቅነሳ የታወጀበት ኖቬምበር 2020 በትግራይ ጦርነት የፈነዳበት ወር ነው። ከዚያ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች በቦረናና በሶማሌ ክልል ሳይዘንብ አልፈው ከብት በየሜዳው አለቀ። እኛ መቀነስ በጀመርንበት ጊዜ እዚያ ችግሩ እየጨመረ ነበር ማለት ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ለኢትዮጵያ የተሰጠው በግማሽ ገደማ ወረደ።

ክብርት ሚኒስትር፣ እንግሊዝ ከሌሎች ለጋሾች ጋር ለዓመታት የደገፈችውን የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሚኒስቴርዎ በሚገባ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጀመር ዋናው ሐሳቡ በ1984 ኮረም ላይ የታየው ዓይነት እልቂት ከደረሰ በኋላ በአውሮፕላን እህል ከማመላለስ፣ የምግብ እጥረት እንደሚገጥማቸው አስቀድሞ ለሚታወቅ ቤተሰቦች በየዓመቱ በጊዜው መስጠት ይሻላል የሚል ነበር። መሥራት የሚችል ሰው በበጋው ወራት እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ የገጠር መንገድ ይጠርጋል፤ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ነፍሰ ጡሮች ደግሞ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ክፍያው ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ወይም ያንን ይተካል የተባለ ብር ነው።

በሰሜን ወሎ ላስታ የሚኖሩ አክስቴ የቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚ ናቸው። ፎቶግራፋቸው የተለጠፈበትን ካርድ በፌስታል ጠቅልለው ከልብሳቸው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡታል፤ እንግዳ ቢመጣ እንኳ እጃቸውን ታጥበው ነው የሚያወጡት። አንድ ዓመት የመጋቢቱ ክፍያ ዘግይቶ በሰኔ ደረሰ። በስልክ ሲነግሩኝ ያማረሩበት አንድም ቃል አልነበረም፤ የተናገሩት ስለ ጎረቤታቸው ነበር። ጎረቤቲቱ የሕዝብ ሥራዋን ሠርታ ጨርሳ ክፍያዋን ስትጠብቅ ልጆቿ ስለራባቸው፣ በመጀመሪያ ለዘር ያስቀመጠችውን ገብስ ፈጭታ አበላቻቸው፣ ቀጥሎ ጊደሯን ገበያ አወጣች። በዚያን ሳምንት ገበያ የወጣው ሁሉ ሻጭ ስለነበር ጊደሯ በግማሽ ዋጋ ሄደች። ገንዘቡ ሲመጣ ክረምቱ ገብቶ ነበር፤ ዘር ግን አልነበራትም። ያ መዘግየት በእንግሊዝ ጥፋት የመጣ ነው አልልም፤ ይህን የማነሳው ርዳታ በድንገት ሲቋረጥ ወይም ሲዘገይ የሚጠፋው የዚያ ወር እህል ብቻ ሳይሆን የሚመጣው ዓመት መኸርም መሆኑን ለማሳየት ነው። ከዚያ በኋላ ያቺን ሴት መልሶ ለማቋቋም የሚያስፈልገው ገንዘብ በመጋቢት ይከፈላት ከነበረው እጅግ ይበልጣል።

ሌላም ነገር አለ፤ እንደ ስደተኛ በየወሩ የማየው ነው። እኔና መሰሎቼ ከደመወዛችን ቀንሰን ለቤተሰብ እንልካለን። እዚህ የቤት ኪራይና የመብራት ዋጋ ሲጨምር የምንልከው ያንሳል፤ አንዳንዱም ከነጭራሹ ያቆማል። በዚያው ወቅት ለጋሽ መንግሥታት ሁሉ በአንድ ጊዜ እጃቸውን ይሰበስባሉ። በኢትዮጵያ በ2023 ብቻ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ያወጣው የአሜሪካው የርዳታ ድርጅት ዩኤስኤይድ በጁላይ 2025 ተዘግቷል፤ ጀርመንና ፈረንሳይም ቀንሰዋል። ከጁላይ 2024 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ የብር ዋጋ ከግማሽ በታች ስለወረደ፣ በብር የሚከፈለው ድጋፍም ገበያ ላይ የሚገዛው እህል ቀንሷል። ሐዋላው፣ ርዳታውና ብሩ በአንድ ወቅት ሲያንሱ የሚተርፍ ሌላ መተማመኛ የለም። ስለዚህ የሀብታም አገሮች ኢኮኖሚ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ ርዳታ ከምንጊዜውም ይልቅ የሚያስፈልግበት ጊዜ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ ርዳታ ተብሎ የሚመዘገበው ገንዘብ ብዙው ከዚህ አገር አይወጣም። በዓለም አቀፉ የአመዘጋገብ ደንብ መሠረት ጥገኝነት ጠያቂዎች በመጡበት የመጀመሪያ ዓመት የሚወጣባቸው ወጪ እንደ ርዳታ ሊቆጠር ስለሚችል፣ በ2023 ከ15.3 ቢሊዮን ፓውንድ ርዳታ ውስጥ 4.3 ቢሊዮኑ፣ ማለትም ከሩብ በላይ የሚሆነው፣ እዚሁ አገር ውስጥ በአብዛኛው ለሆቴሎች ተከፈለ። በእነዚያ ሆቴሎች ካሉት ውስጥ የእኔ አገር ልጆችም አሉበት፤ እኔም ራሴ ጥገኝነት ጠይቄ ነው በዚህ አገር የቀረሁት። ጠያቂዎቹ መጠለያ አይሰጣቸው ማለቴ እንዳልሆነ እንዲረዱልኝ እለምናለሁ። መጠለያው ግን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥራ ነውና ከዚያው ሚኒስቴር በጀት ይከፈል። አለበለዚያ 0.3 በመቶ የተባለው ከሆቴል ወጪ በኋላ ምን ያህል እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ርዳታ አይባክንም ብዬ ልከራከርዎትም አልፈልግም። በ2023 በኢትዮጵያ ለተራቡ የተላከ ስንዴ ለወፍጮ ቤቶችና ለገበያ ሲሸጥ በመገኘቱ አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ ሥርጭቱን ለወራት አቋረጡ። የሰረቁት ሰዎች አሳፍረውናል፤ በሕግም ሊጠየቁ ይገባል። ዳሩ ግን ሥርጭቱ ሲቆም የተቀጣው ሌባው አልነበረም፤ በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር የኢትዮጵያ የእንባ ጠባቂ ተቋም በትግራይና በአማራ ክልሎች ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች በረሃብ መሞታቸውን አስታወቀ። ድርቁና የጦርነቱ ጠባሳ ዋና ምክንያቶች ቢሆኑም፣ እህሉ በዚያው ጊዜ መቋረጡ የሚረሳ አይደለም። ቁጥጥሩ ይጥበቅ፤ ከለጋሹም ከኢትዮጵያ መንግሥትም በኩል የሂሳብ ምርመራው ለሕዝብ ይገለጽ።

በሜይ 2025 ለምክር ቤቱ የልማት ኮሚቴ ሲናገሩ፣ የእንግሊዝ መንግሥት እንደ ዓለም በጎ አድራጎት ድርጅት የሚታይበት ዘመን ማብቃቱን ገልጸዋል። እኔ ግን ይህን ገንዘብ እንደ ምጽዋት አላየሁትም። የ0.7 በመቶው ግብ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1970 የታወጀ፣ በዚህ አገር ምክር ቤትም በ2015 በሕግ የተደነገገ ቃል ነው፤ ሕጉም እስካሁን አልተሻረም። ያ ሕግ ግቡ ሳይሟላ ሲቀር ሚኒስትሩ ለምክር ቤቱ ምክንያቱን እንዲያስረዱ ብቻ ስለሚያስገድድ፣ በየዓመቱ አንድ መግለጫ በማቅረብ ይታለፋል።

ስለሆነም የምጠይቅዎ ይህን ነው። ወደ 0.3 መውረዱ የማይቀር ከሆነ፣ በያንዳንዱ አገርና ፕሮግራም የሚቀነሰው ገንዘብ ቢያንስ ከአንድ የእርሻ ዓመት በፊት ይገለጽ፤ የኢትዮጵያ በጀት የሚጀምረው በሐምሌ፣ የሴፍቲኔት ሥራ የሚጀምረው ደግሞ በጥር ስለሆነ፣ የለንደን የበጀት ዓመት በኤፕሪል ሲከፈት የሚነገር ቅነሳ እዚያ በዓመቱ መካከል ይደርሳል። ለሴፍቲኔት፣ ለሕፃናት ክትባትና ለእናቶች ጤና የሚውለው ከቅነሳው ውጭ ይሁን። መንግሥትዎ የጥገኝነት ጠያቂ ሆቴሎችን በዚህ የምክር ቤት ዘመን እንደሚዘጋ ቃል ገብቷልና፣ ከዚያ የሚተርፈው ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ሳይመለስ ወደ ውጭ ልማት ሥራ እንዲውል በጽሑፍ ያረጋግጡልን። በመጨረሻም፣ ወደ 0.7 የሚመለስበት ሁኔታ በ2021 እንደተነገረው ዓይነት እንደተፈለገ የሚተረጎም መስፈርት ሳይሆን፣ ዓመቱ የተጻፈበት መርሐ ግብር ሆኖ ለምክር ቤቱ ይቅረብ።

መልስዎን በአካባቢዬ የምክር ቤት አባል በኩል እጠብቃለሁ።

ከከበረ ሰላምታ ጋር
በሰሜን ለንደን ነዋሪ የሆነ አንድ መራጭ