ፓራፋንጎ ላይ ሰው አትጫኑ

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ስለ ትራክተር ሲጻፍ ሁሌ የማነበው ስለ ፈረስ ጉልበትና ስለ ዋጋ ነው፤ እኔ ዛሬ ስለ ፓራፋንጎ፣ ከኋላ ጎማው በላይ ስላለው የጭቃ መከላከያ ላሜራ፣ ልጻፍ። አርሲ ውስጥ በትንሽ ትራክተር የስንዴ መሬት አርሳለሁ። ባለፈው ክረምት የግራው ፓራፋንጎ ከኋለኛው ቡሎን ቀዳዳ ጀምሮ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ተሰነጠቀ። አስበየድኩት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ከብየዳው ጎን እንደገና ተሰነጠቀ፤ ለካ ችግሩ ያለው ከስር መያዣው ብረት ላይ ነው፣ አንዱ ቡሎን ላልቶ ቀዳዳውን እንቁላል አስመስሎታል፣ ንዝረቱን ሁሉ የቀረው ቡሎን ብቻውን ተሸክሞታል።

አሁን መጀመሪያ የስንጥቁን ጫፍ በትራፓኖ (በመብሻ) 3 ሚሊ በስቼ አስቆመዋለሁ፣ ከዚያ ነው የማስበይደው (ባትሪውን ሳትፈቱ እንዳታስበይዱ)። ሳስረው ሰፊ ሮንዴላ (ከቡሎኑ ስር የሚገባ ቀለበት)፣ ጭንቅላቱ ላይ 8.8 የተጻፈበት ጠንካራ ቡሎን፣ በመሃል የጎማ ቁራጭ አደርጋለሁ። ጠዋት ዘይት ሳይ ቡሎኖቹንም በቁልፍ እሞክራለሁ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሰው ነው። የገበያ ቀን ፓራፋንጎ ላይ ሁለት ሦስት ሰው ተቀምጦ ይሄዳል። ላሜራው ለዚያ ክብደት አልተሠራም፤ ቢገነጠል የተቀመጠው የሚወድቀው ከኋላ ጎማው ስር ነው። አስመጪዎች፣ እባካችሁ ከትራክተሩ ጋር መያዣ ብረቱንና ቡሎኑንም አምጡልን። ሾፌሮችም፣ ዘመድም ቢሆን እምቢ በሉ።