ላሜራዎቹን እንዳታወልቂያቸው

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላ የለባትም። ክረምቱ ዘንድሮ ቶሎ ገባ። የእኛ ቮልስ ግቢ ውስጥ ሸራዋን ለብሳ ተቀምጣለች።

የላክሻቸውን ፎቶዎች አየሁ። ከአሥር ጊዜ በላይ ነው ያየኋቸው። እናትሽ "የልጅህን ፎቶ እንዲህ አፍጥጠህ አይተህ አታውቅም" ብላ ታዘበችኝ። አንቺማ ፎቶው ላይ የለሽም። ያለችው ወለሏ የበሰበሰ፣ የፊት ፓራውልቷ የጎደለ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሰው ጓሮ ቆማ ስንት ዓመት ዝናብ የወረደባት ቮልስ ናት። ያውም በደሞዝሽ ገዝተሻት። ምን ልበል? አባትሽ እኔ ነኝ፣ ማንን እወቅሳለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላርም። ሻጩ የ1967 ናት ብሎሻል፤ አይደለችም። የኋላ ወንበሩን ገልብጠሽ ያነሳሽው ፎቶ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ይነበባል፣ በ119 ይጀምራል። 11 ዓይነቷን ነው የሚናገረው፣ 9 ደግሞ የ1969 ሥሪት መሆኗን፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር። አትናደጂ። የ69ኟ የኋላ አክስል በየጎማው በኩል ሁለት ሁለት መገጣጠሚያ አለው። የቀድሞዎቹ ኩርባ ላይ ፈጠን ስትዪ ጎማቸውን ወደ ውስጥ ያጥፉና ልብሽን ያወልቁታል። ሰውየው ሳያውቅ የተሻለችውን ሸጦልሻል።

እዚያው ፎቶ ላይ ያስደነገጠኝ ግን ባትሪው ነው። ክዳን የለውም። ቮልስ ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር መሆኑን አይተሻል። ወፈር ያለ ሰው ከላይ ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ ይወርድና የባትሪውን ራስ ይነካዋል። ከዚያ ብልጭታ፣ ከዚያ ጭስ። አጎትሽ ሠርግ አጅቦ ሲሄድ እንዲህ ሆኖበት ሁለት ሚዜዎች ሱሪያቸውን እየጨበጡ አስፋልት ላይ ዘለዋል። ሙሽራዋ እስከዛሬ ትስቅበታለች። አንቺ ግን ዛሬውኑ ክዳን ፈልጊለት። ካላገኘሽ ወፍራም ጎማ ቆርጠሽ ጣይበት።

ከዚያ የቤንዚን መስመር ጎማዎቹን በሙሉ ቀይሪ። "ገና ደህና ናቸው" የምትዪውንም ጭምር። ሳልባታዮዋ፣ የቤንዚን ታንከሯ፣ ከፊት ነው፣ ሞተሯ ከኋላ። ቤንዚኑ የመኪናዋን ወገብ አቋርጦ መጥቶ ትኩስ ሞተር አጠገብ ጣት በምታክል ጎማ ያልቃል። ጎማዋ ደርቃ ስትሰነጠቅ ሽታው ይመጣል፣ ከሽታው ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቂዋለሽ። የሞተሩ ቤት ደግሞ የማግኒዥየም ቅይጥ ነው። አንዴ ከተያያዘ በባልዲ ውኃ አይጠፋም። የእሳት ማጥፊያ ከሾፌሩ ወንበር አጠገብ ይኑር፣ ኮፈን ውስጥ አይደለም።

አሁን ወደ ዕቅድሽ ልምጣ።

ፊቷን ዝቅ አደርጋለሁ ብለሻል። አድርጊ፤ እናንተ ጋ እንደ እዚህ በየሃምሳ ሜትሩ ጉብታ የለም። ሰፋፊ ቸርኬም ያንቺ ገንዘብ፣ ያንቺ ዓይን ነው። ሞተሩን 1776 ሲሲ ማድረግ ግን የገንዘብ ብቻ ነገር አይደለም። 90.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ፒስተን እንዲገባ ቴስታታውም፣ የሲሊንደሮቹ ክዳን ማለቴ ነው፣ የሞተሩ ቤትም መቦረሽ አለበት። ያ ማለት ሞተሩን እስከ መጨረሻው መፍታት ነው። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ያስጨነቀኝ የመጨረሻው መስመር ነው። "ሞተሩ ዙሪያ ያሉትን አስቀያሚ ላሜራዎች አውልቄ፣ አጽድቼ፣ ክሮም አስገብቼ ማሳመር" ይላል። ይህን ሳነብ ተነስቼ በረንዳ ላይ ቆምኩ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። እናትሽም አታውቀውም።

ያኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ቄራ አካባቢ አንድ ጋራዥ ግቢ እንሰበሰብ ነበር። ስምንት ዘጠኝ ቮልስ ይደረደራል። መካኒክ ከመካከላችን አንድ ብቻ ነበር። ሌሎቻችን የባንክ ሠራተኛ፣ አስተማሪ፣ አንዱ ነርስ ነበርን። የኋላ ጎማ ከበሮ የምትፈታዋ 36 ቁልፍ ለሁላችን አንድ ነበረች። ከቤት ቤት እንደ ዕቁብ ትዞራለች። አንዱ ፍሪሲዮን ሲቀይር ሞተሩን ለማውረድ አራት ሰው ይበቃል። አራቱን የያዙትን ቡሎኖች ፈትተሽ፣ ሽቦና ገመዱን ነቅለሽ፣ በክሪክ ታወርጂዋለሽ። ሻይ ሳይበርድ ሞተር መሬት ላይ ነው። ዕቃ የጠፋበት ሶማሌ ተራ ሄዶ ይለምናል። ያጣ ሰው ከሌላው ይዋሳል። የኔ ዲናሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው መኪና ላይ ነው የሠራው።

ታዲያ አንዱ ጓደኛችን አንድ ቅዳሜ የውጭ መጽሔት ይዞ መጣ። የውድድር ቮልስ ፎቶ አለበት። ሞተሯ ራቁቷን ነው፣ ያብረቀርቃል። አፋችንን ከፍተን ቀረን። "ላሜራው ሙቀት አፍኖ ነው የሚይዛት፣ ይውለቅላትና ትተንፍስ" ተባለ። ማን እንዳለው አላስታውስም። እኔ ልሆን እችላለሁ። በዚያው ቅዳሜ የታችኛውን ላሜራ፣ የዳር ዳሩን፣ ሞተሩ ከቦዲው ጋር የሚገጥምበትን ጥቁር ጎማ ሳይቀር አወለቅኩት። በጣም አማረች።

ለካ ያቺ የፎቶዋ መኪና የምትሮጠው አራት መቶ ሜትር ብቻ ኖሯል።

በ1979 ዓ.ም. ከእናትሽ ጋር ከተጋባን ሦስተኛ ወራችን ነው። ለፋሲካ ደብረ ማርቆስ ቤተሰቦቿ ጋ ልንሄድ ተነሳን። በግ ጭነናል፣ ከኋላ ወንበር ላይ፣ እግሩ ታስሮ። ጎሃ ጽዮን እስክንደርስ ምንም የለም። የአባይን ቁልቁለት በማርሽ ይዤ ወረድኩ። ድልድዩን ተሻገርን። ጃፓኖቹ ያገዙት አዲሱ ድልድይ ገና ያልታሰበበት ጊዜ ነው። ታች ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው። ከዚያ ወደ ደጀን መውጣት ጀመርን። ሁለተኛ ማርሽ፣ አንዳንዴ አንደኛ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም።

እዚህ ላይ አሠራሩን ልንገርሽ። ቮልስ ውኃ የላትም፣ ራዲያተር የላትም። ያላት ነፋስ ብቻ ነው። ዲናሞው ጫፍ ላይ ያለው ማራገቢያ ቀዝቃዛውን ነፋስ ከላይ ይስብና በሲሊንደሮቹ መሃል ወደ ታች ይገፋዋል። የሞቀው ከመኪናዋ ሥር ይወጣል። እነዚያ አስቀያሚ ያልሻቸው ላሜራዎችና ጥቁሩ ጎማ ሥራቸው የላይኛውን ቀዝቃዛ ከታችኛው ትኩስ መለየት ነው። እነሱ ከሌሉ ማራገቢያው ከታች የወጣውን ትኩስ መልሶ ይስበዋል። ብርድ ልብስ ተከናንቦ የራሱን ትንፋሽ እንደሚተነፍስ ሰው ትሆናለች።

ሦስተኛው ሲሊንደር ከሁሉም ምስኪን ነው። የዘይት ማቀዝቀዣው ከፊቱ ቆሞ ነፋሱን ይጋርድበታል። ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ከዚያ ቦታ ያወጣው በ1971 ሥሪት ነው። ያንቺ የ69 ናትና ሞተሯ ካልተቀየረ ይኸው ችግር አለባት።

ደጀን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረን "ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ" የሚል ድምፅ መጣ። እናትሽ "ምንድነው?" አለች። "ምንም" አልኩ። ከዚያ "ጓ!" አለና ጸጥ። የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ አንገቱ ተቆርጦ ፒስተኑን በስቶት ነበር። ያን ያወቅኩት ግን በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው መንገድ ዳር ከሙሽራዬና ከበግ ጋር መቆሜን ብቻ ነው።

ከሰዓት በላይ ቆይቶ አንድ ኤንትሬ ፊያት የጭነት መኪና እያቃሰተ ደረሰ። ሾፌሩ ወረደ። የሞተሩን ክዳን ከፍቶ አየ፣ ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ "ምነው ልጅት፣ ማነው ልብስሽን የገፈፈሽ?" አለ። እናትሽ እሷን ያለ መስሏት ነጠላዋን ሰበሰበች። ሰውየው የሚያወራው ከቮልሷ ጋር ነው። እኔ ገብቶኛል። ምንም አላልኩም። በገመድ እስከ ደጀን ጎተተን፣ ገንዘብም አልተቀበለኝም።

ለእናትሽ ምን እንዳልኳት ታውቂያለሽ፤ ሺህ ጊዜ ሰምተሽዋል። "ቤንዚኑ ውኃ ነበረበት።" ለአማቶቼም ያልኩት ይኸንኑ ነው። ላንቺም፣ ለወንድምሽም። መንገድ ላይ ቤንዚን የቀዳልንን ምስኪን ሰው 38 ዓመት ሙሉ ሳማው ኖርኩ። በግዕዙም በአማርኛውም ጥፋቱ የኔ ነው። ላሜራውን ያወለቅኩት እኔ ነኝ። እባክሽ ይህን ለእናትሽ በስልክ እንዳታነቢላት።

ስለዚህ ላሜራ የተባለ ሁሉ ይመለስ። ቀለም ቀቢው፣ እንደ መስታወት አድርጊው፣ ግን ቦታው ይመለስ። የጎደለ ካለ ግዢ። የመጨረሻዋ ቮልስ ከሜክሲኮ ፑብላ የወጣችው በ2003 እንደ ፈረንጅ ስለሆነ ዕቃዋ አልጠፋም። ለናንተ ደግሞ በር ላይ በፖስታ ይመጣል። ስታዢ ጥቁሩን ጎማ እንዳትረሺ፣ ሰው ሁሉ የሚረሳው እሱን ነው።

ቺንጋዋንም ልብ በዪ። ዲናሞውንና ማራገቢያውን የምታዞረው ያቺው አንዷ ቺንጋ ናት። ቀዩ የዲናሞ መብራት እየነዳሽ ከበራ "ቤት ደርሼ አየዋለሁ" የሚባል ነገር የለም። ቺንጋዋ ተበጥሳ ከሆነ ነፋስ የለም ማለት ነው። ዳር ያዢና አጥፊያት።

ባለፈው በስልክ ግማሽ ሰዓት የተጨቃጨቅነው ትዝ አለኝ። አንቺ ክላች ስትዪ እኔ ፍሪሲዮን፣ አንቺ ስፓርክ ፕለግ ስትዪ እኔ ካንዴላ። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ቆይቶ ሄደ፣ ጋራዡ ግን እስከዛሬ በሱ ቋንቋ ነው የሚያወራው። ካቻቢቴ፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ። መኪናዋ የጀርመን፣ መጽሐፏ በእንግሊዝኛ፣ መካኒኩ በጣልያንኛ። በአማርኛ የቀረልን ስድቡ ነው።

ከኔ ልምድ የማትወስጂው ነገርም አለ። የካርቡሬተር ቁጥር አትጠይቂኝ። አዲስ አበባ ከባሕር በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። አየሩ ስስ ስለሆነ በፋብሪካው ጂግለር፣ ቤንዚኑን በምትለካው ቀዳዳ፣ ስትነጂ ቤንዚኑ ይበዛባትና ካንዴላዋ ጥላሸት ይለብሳል። እኔ በትንሽ ጂግለር ነው የምነዳው። ያንን እናንተ ጋ ብትገጥሚው ቤንዚኑ ያንሳትና ትግላለች። ያንቺ በመጽሐፉ ይሁን።

የቫልቩ ክፍተት ግን እዚህም እዚያም ያው ነው፤ 0.15 ሚሊ ሜትር። ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ብረቱ በእጅሽ ሲነካ ቀዝቃዛ ሲሆን። ዘይቱን በየ5000 ኪሎ ሜትሩ፣ ሁለት ሊትር ተኩል። ከሥር ያለችውን የወንፊቷን ክዳን የሚይዙ ስድስት ትንንሽ ዳዶዎች አሉ። እነሱን በጉልበት አታጥብቂ፤ እንደ ጠርሙስ ክዳን በቀስታ። እኔ ሁለቱን በጥሻለሁ፣ ያንን ለሌላ ደብዳቤ ላቆየው።

ጎረቤታችን የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። የቤንዚን መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ድምፅ አልባ ሆኗል። ቅዳሜ ቮልሷን ሳስነሳ ሕፃናቱ አጥር ላይ ይንጠለጠላሉ። አንዱ "ጋሼ፣ ተበላሽታ ነው?" አለኝ።

አሁን ወደ 1776ሽ። አንድ ብር ከማውጣትሽ በፊት ይህን አድርጊ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማርሹን ዜሮ አድርገሽ፣ ቺንጋውን ፈትተሽ፣ የታችኛውን ትልቁን ፑሊ በሁለት እጅሽ ያዢ። ወደ ራስሽ ሳቢው። ከዚያ ወደ ውስጥ ግፊው። ምንም ካልተሰማሽ ሞተሩ ገና ጤነኛ ነው፤ አትንኪው፣ ገንዘብሽን ፍሬኑና ወለሉ ላይ አውዪው። "ቋ፣ ቋ" ካለሽ ግን ኮሎው፣ የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ እየተመላለሰ ነው። ልኩ ከ0.15 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም፤ ያ ደግሞ በዓይን አይታይም፣ በእጅና በጆሮ ነው። እንዲያ ከሆነ ሞተሩ መከፈቱ የማይቀር ነውና ስለ ትልቁ ፒስተን ያኔ እንነጋገራለን።

የፊታችን ቅዳሜ ሞክሪው። ስልኩን ፑሊው አጠገብ አድርጊልኝ፣ እኔም ልስማው። እዚህ ሌሊት ይሆናል፣ ግድ የለም ደውዪ። እናትሽ እንዳትነቃ ስልኩን ይዤ በረንዳ ላይ እጠብቅሻለሁ።

አባትሽ