ለእማዬ፣ ስለ አባባ

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። አባባ ከአጠገብሽ ስለማይጠፉ ግን መጻፉን መረጥኩ።

ለፋሲካ መጥቼ ያጠፋሁት ጥፋት እስካሁን ይቆጨኛል። ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና እየተጠጣ አባባ "ባቡሩ ሳያመልጠኝ ልነሳ" አሉ። እኔ ደግሞ ቀበል አድርጌ "አባባ፣ ጡረታ ከወጡ እኮ ቆዩ!" አልኳቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። ስኒያቸውን አስቀምጠው እጃቸውን እያዩ ቀሩ። አንቺ ግን ወዲያው "ባቡሩ ዛሬ ይዘገያል አሉ፤ ቶናውን ጠጥተህ ትሄዳለህ" አልሻቸው። በረካው ሲቀዳ የባቡሩ ነገር ተረስቶ ነበር።

ስንቴ እንዲህ ብቻሽን እንደሸፈንሽላቸው ያን ቀን ገባኝ። እንግዳ ሲገባ ቀድመሽ ስሙን ትጠሪያለሽ። ልብሳቸውን በአለባበሱ ተራ አልጋው ላይ ትደረድሪያለሽ። ማንም አያውቅብሽም፤ እሳቸውም አያፍሩም።

"እርጅና ነው" ብለሽ ግን አትተይው። ሐኪሙ እንደነገረን አልዛይመር በሽታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጎዳው አዲስ ነገር የሚይዘውን የአንጎል ክፍል ነው። ለዚህ ነው ምሳ መብላታቸውን ረስተው ድሬዳዋ፣ አዋሽ፣ መተሐራ፣ ወለንጪቲ፣ ናዝሬት እያሉ ጣቢያውን በተራ የሚጠሩት። "አሁን እኮ አዳማ ነው የምትባለው" ብለን አንከራከራቸው። ናዝሬት ትሁንላቸው። በሽታውን ነቅሎ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም፤ የታዘዘላቸው ክኒን ግን ምልክቱን ለጊዜው ሊያቀልላቸው ይችላል። ጸበሉም ይቀጥል፣ ክኒኑም አይቋረጥ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ከእንግዲህ ብቻሽን አትሸከሚው። ለባለሱቁና እበራችን ለሚቆሙት የባጃጅ ልጆች ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው። አመሻሽ ላይ አባባ ይጨነቃሉ። እቤታቸው ተቀምጠው "ወደ ቤቴ ልሂድ" ይላሉ። ወጥተው ካገኟቸው "የት ሊሄዱ ነው?" ብለው አያፋጥጧቸው። "አባባ፣ ልሸኝዎት" ብለው አብረዋቸው ትንሽ ይራመዱና ወደ አንቺ ይመልሷቸው። አደራ፣ ሰው በተሰበሰበበት እንዳትነግሪ። ወሬው ዞሮ እሳቸው ጆሮ ከገባ ከበሽታው በላይ ይጎዳቸዋል።

ስልክ ቁጥርሽን በጨርቅ ላይ ጽፌ ኮታቸው ገበር ውስጥ እሰፋዋለሁ። ሲተኙ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። በሩን አባባ ይክፈቱልኝ። "አወቁኝ?" አልላቸውም። ገና ሲከፍቱ ስሜን እነግራቸዋለሁ።

ልጅሽ