ከበረዶው ስር ያለውን ውሃ ረሳችሁት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የድሬዳዋ ነዋሪ ነኝ፣ ቤቴ ከዚራ ነው። ጋዜጣችሁን በየሳምንቱ አነባለሁ። እኔ ስጨርስ የልጄ ልጅ ትቀበለኛለች፣ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት። ባለፈው እትማችሁ ስለ ግሪንላንድ በረዶ ያወጣችሁትን አጭር ጽሑፍ እሷም አነበበችው። በረዶው ፀሐይ ላይ እንደተቀመጠ ሻማ ከላይ እየቀለጠ ነው ይላል። አንብባ ስትጨርስ «አባባ፣ ታዲያ የቀለጠው ውሃ የት ይሄዳል?» አለችኝ። ጽሑፉን እንደገና አየሁት። መልሱ የለም። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ የእሷ ጥያቄ ነው።

ተሳስታችኋል አልልም። ከላይ መቅለጡ እውነት ነው። ግን ግማሹን ነው የነገራችሁን። ሌላው ግማሽ ያለው ከስር ነው። ውሃው በረዶው ስር ገብቶ የሚያደርገውን ካልነገራችሁት፣ አንባቢው ባሕር የሚጨምረው በጠብታ ብቻ ይመስለዋል። በረዶው ራሱ እንዳለ እየተንሸራተተ ባሕር ውስጥ እንደሚገባ በምን ያውቃል?

ድሬዳዋ ሐሩር ውስጥ ተቀምጦ ስለ በረዶ መጻፍ ለአንዳንዱ ይገርመው ይሆናል። እኔ ግን የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት በድሮው ባቡር ሐዲድ ጥገና ላይ ነው፣ የዚያ ሥራ ግማሹ ደግሞ ውሃ ነበር። ሐዲዱን የያዘው ብረቱ ይመስላል እንጂ ከስሩ ያለው ጠጠርና አፈር ነው። አፈሩ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ መውጫ ካጣ ያን ሁሉ ብረት ድምፅ ሳያሰማ ከቦታው ያነቃንቀዋል። ስለዚህ ክረምት ሳይገባ አለቃችን መጀመሪያ የሚልከን ሐዲዱን እንድናይ አልነበረም፤ ቱቦና ቦይ እንድንጠርግ ነበር። ቱቦው ከተከፈተ የፈለገው ያህል ይዝነብ፣ ሐዲዱ አይነቃነቅም። ከተደፈነ ግን ትንሽ ዝናብም ይበቃዋል። ስለ ዋልታ በረዶ ማንበብ ስጀምር ያገኘሁት ይህንኑ ነው፣ ለዚህ ነው ነገሩ የያዘኝ።

እስቲ ከመሠረቱ ልጀምር። የግሪንላንድ በረዶ መሀሉ ላይ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ውፍረት አለው። የአንታርክቲካው ደግሞ በአንዳንድ ቦታ ከ4 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ይህን ያህል የተቆለለ በረዶ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ወደ ዳር ይፈሳል። ስሩ ከድንጋዩ ጋር ከተጣበቀ በጣም ያዘግማል። ከስሩ ውሃ ካለ ግን እርጥብ ሊሾ ላይ እንደቆመ ሰው ይሆናል።

ያ ውሃ ከየት ይመጣል? እዚያ ላይ እኮ ብርዱ አይጣል ነው። በአንታርክቲካ ቮስቶክ የሚባለው የሩሲያ ጣቢያ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የተለካበት ብርድ ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ ነበር። መሬት ላይ በቴርሞሜትር ከተለካ ብርድ ሁሉ ይኸኛው ይበልጣል። ከዚሁ ጣቢያ ስር፣ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ታች፣ ፈሳሽ ውሃ የሞላበት ሐይቅ አለ። ርዝመቱ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስፋቱን ከጣና ጋር ካነጻጸርነው አራት ጣና ይሆናል። ለልጅቷ ይህን ስነግራት አላመነችኝም፣ ካርታ አውጥቼ ነው ያሳመንኳት።

ምክንያቱ ግን ሲያስረዱት የሚገባ ነው። ምድር ከውስጧ ትሞቃለች። የእኛ ሰው ኤረር ፍል ውሃ ሄዶ ሲታጠብ ያንኑ ሙቀት ነው የሚያገኘው። ይህ ሙቀት በዋልታም በጥቂት በጥቂቱ ይወጣል፣ በረዶው ደግሞ እንደ ወፍራም ብርድ ልብስ ከላይ አፍኖ ይይዘዋል። በረዶው በድንጋዩ ላይ ሲንሸራተት ሰበቃውም ሙቀት ይጨምራል። ሌላው ክብደቱ ነው። በረዶ በጣም ሲጫኑት ዜሮ ዲግሪ ሳይደርስ ይቀልጣል። 4 ኪሎ ሜትር ከተቆለለበት ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ ተደማምረው በአንታርክቲካ በረዶ ስር ከ400 በላይ ሐይቆች አሉ። አንዳንዶቹ ይሞሉና አንዱ ወደ ሌላው ይገለበጣሉ፤ ሲሞሉ ከላይ ያለው በረዶ በሜትሮች ከፍ ይላል፣ ሲፈስሱ ዝቅ ይላል፣ ይህን ሳተላይት ይለካዋል።

ግሪንላንድ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። በጋቸው ሲመጣ የበረዶው ገጽ ይቀልጥና ከላዩ ሰማያዊ ኩሬዎችና ሐይቆች ይፈጠራሉ። ውሃው ስንጥቅ ካገኘ ስንጥቁን እየቀደደ ቁልቁል ይወርዳል፣ ቀጥ ያለ ጉድጓድም ይቆፍራል። ያን ጉድጓድ «ሙላን» ይሉታል። የድሮ የባቡር ሰው የሆነ ሁሉ ቃሉን ያውቀዋል፣ በፈረንሳይኛ ወፍጮ ማለት ነው። ውሃው በጉድጓዱ ሲወርድ እየተሽከረከረ ስለሚያጓራ ነው ስሙ የወጣለት።

አሁን የማነሳው ሰሞን ለእኛ ለድሬዎች ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2006፣ በእኛ ሐምሌ 22 ቀን 1998፣ በምዕራብ ግሪንላንድ በረዶ ላይ የነበረ አንድ ሐይቅ ከስሩ ተሰነጠቀ። ሐይቁ 5.6 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋ ነበር። ከ40 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚወፍረውን በረዶ በስቶ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ወደ ስሩ ወረደ። ፍሰቱ ከናያግራ ፏፏቴ ይበልጥ ነበር። ተመራማሪዎች ቀድመው መለኪያ ተክለው ስለነበር ሁሉም ተመዘገበ። ያ ሁሉ በረዶ ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ላይ ተነሳ፣ ወደ ጎንም ተንሸራተተ።

በስምንተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ፣ ሐምሌ 30፣ ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ መጣ። ድሬዳዋ ተኝታ ነበር። ዝናቡ የጣለው ከላይ ደጋው ላይ ነው። ሁልጊዜ አሸዋ ብቻ የምናይበት ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። የማውቃቸውን ሰዎች በዚያ ሳምንት ቀብሬያለሁ። አንዱ ሌላውን አመጣው እያልኩ አይደለም፣ ሁለቱ አይገናኙም። ግን ከዚያ ሌሊት ወዲህ ውሃ ከማናየው ቦታ ተነስቶ ምን እንደሚሠራ ማንበብ ትቼ አላውቅም። ስለ ግሪንላንዱ ሐይቅ ከዓመታት በኋላ ሳነብ ቀኑን አይቼ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ውሃ እንዴት አድርጎ የአንድ ኪሎ ሜትር በረዶ ያነሳል? የጭነት መኪና ሾፌሮች ክሪክ ያውቃሉ። ትንሽ ዘይት ግፊት ካገኘች አሥር ጎማ መኪና ታነሳለች። በረዶ ከውሃ ትንሽ ይቀላል፣ ለዚህ ነው የሚንሳፈፈው። ስለዚህ በረዶው 1,000 ሜትር ቢወፍር፣ ጉድጓዱ ውስጥ ውሃው 900 ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ ከቆመ የስሩ ግፊት ሙሉውን ክብደት ይሸከመዋል። በረዶው ያን ጊዜ ድንጋዩን መርገጡን ይተዋል። የሚያግደው ሰበቃ ከሌለ ደግሞ ይሮጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት ይህን በግሪንላንድ ላይ በመለኪያ አሳየ፤ በጋ መጥቶ ገጹ መቅለጥ ሲጀምር በረዶው ይፈጥናል። ከዚያ በፊት ብዙ ሰው የላዩ ውሃ ወፍራሙን በረዶ አልፎ ስሩ ለመድረስ ዘመናት ይፈጅበታል ብሎ ያስብ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ሌላ ስህተት አለ፣ ይህንንም እንዳትጽፉ እፈራለሁ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ውሃ በበዛ ቁጥር በረዶው ይፈጥናል» ይላል። እንደዚያ ቀላል አይደለም። ነገሩ ወደ እኛ ቱቦ ይመለሳል። በበጋው መጀመሪያ ከበረዶው ስር መውረጃ የለም። ውሃው በየድንጋዩ ጉድብ ተዘርግቶ ይታፈናል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ በረዶው ይፈጥናል። ውሃው ሲበዛ ግን ሲፈስ በሚፈጥረው የሰበቃ ሙቀት በረዶውን ከስር እየቦረቦረ ቦይ ይከፍታል። ቦዩ ከሰፋ በኋላ ውሃው በእሱ በኩል ተጠራርጎ ይወጣል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ በረዶው ተመልሶ ድንጋዩ ላይ ይቀመጥና ይዘገያል። ብርዱ ክረምታቸው ሲመጣ የበረዶው ክብደት ቦዩን ጨፍልቆ ይዘጋዋል። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ሀ ብሎ ይጀመራል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት በደቡብ ምዕራብ ግሪንላንድ፣ ጫፉ ባሕር በማይነካው በረዶ ላይ፣ መቅለጡ እየጨመረ ሳለ የዓመቱ ጉዞ ቀስ ማለቱን አሳይቷል። ስለዚህ የሚወስነው የውሃው ብዛት ብቻ አይደለም፣ መውጫ ማግኘቱ ነው። ድንገት የሚመጣ ውሃ ደግሞ ቦዩ ሳይሰፋ ስለሚደርስ የባሰ ነው። ሐይቅ ሲገለበጥ ወይም ዝናብ በረዶው ላይ ሲጥል እንደዚያ ይሆናል።

ጫፉ ባሕር የሚነካው በረዶ ግን ሌላ ጣጣ አለበት። ከስር የመጣው ውሃ የሚወጣው ከበረዶው ግድግዳ እግር ስር፣ ባሕሩ ውስጥ ጠልቆ ነው። ውሃው ጨው የለበትም፣ ስለዚህ ከባሕሩ ውሃ ይቀላል፣ ግድግዳውን ታክኮ ወደ ላይ ይወጣል። ሲወጣ ከጥልቁ ያለውን ሞቃትና ጨዋማ የባሕር ውሃ እየጎተተ ያመጣዋል። በዋልታ ባሕር፣ ከእኛ ልማድ በተቃራኒ፣ ሞቃቱ ያለው ከታች ነው፣ ጨዉ ስለሚያከብደው። ይህ ውሃ የበረዶውን እግር ይበላዋል። እግሩ ሲበላ ከላይ ያለው ይናዳል፣ ኋላ ያለውን በረዶ የሚደግፈው ነገር ይቀንሳል፣ ያም ይፈጥናል። በምዕራብ ግሪንላንድ ያኮብስሃቭን የሚባለው የበረዶ ግግር እ.ኤ.አ. በ2012 በጋ በቀን ከ40 ሜትር በላይ ይጓዝ ነበር። እዚያ ዋናው ገፊ የባሕሩ ሙቀት ነው፣ ከስር የሚወጣው ውሃ ግን ያን ሙቀት እስከ በረዶው ግድግዳ ድረስ ያደርስለታል።

ለእኛ ምናችን ነው የሚል ካለ ጅቡቲን ያስብ። ድሬዳዋን የወለዳት ከጅቡቲ የመጣው ባቡር ነው፣ ዛሬም የአገሪቱ ዕቃ አብዛኛው የሚገባው በዚያው ወደብ ነው። ጅቡቲ ከተማ ከባሕር ከፍታዋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የግሪንላንድ በረዶ በሙሉ ቢቀልጥ የዓለም ባሕር 7 ሜትር ያህል ይነሳል። ይህ ነገ አይሆንም፣ ብዙ መቶ ዓመታት የሚፈጅ ነው፣ ሰው ማስፈራራትም አልፈልግም። ግን ባሕሩ ካለፈው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወዲህ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ተነስቷል። አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። በረዶው ክብደቱ ትልቅ ስለሆነ የባሕሩን ውሃ ወደ ራሱ ይስባል። ሲቀልጥ መሳቡ ይቀንሳል። ስለዚህ ግሪንላንድ ሲቀልጥ እዚያው አጠገቡ ባሕሩ ዝቅ ይላል፣ ጭማሪው የሚበረታው ራቅ ባሉ አገሮች ላይ ነው። እኛ ደግሞ ከሩቆቹ ወገን ነን።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ይህን ርዕስ እንደገና አንሱት፣ በሰፊው። በጂኦሎጂ ወይም በውሃ ሳይንስ የሚያስተምር ሰው ከዩኒቨርሲቲ ፈልጉ፣ ሐሮማያም ድሬዳዋም አለልን። ሥዕል አድርጉበት፣ በረዶው በቢላ እንደተቆረጠ ዳቦ ውስጡ እየታየ። የላዩ ሐይቅ፣ ጉድጓዱ፣ የስሩ ቦይ፣ ባሕር ውስጥ የሚወጣበት አፍ ይታይ። በጋና ክረምቱን ለየብቻ ሳሉት፣ አለዚያ ቦዩ ሲዘጋና ሲከፈት ልጆች አይገባቸውም። የፀሐይና የሻማ ሥዕል ግን ይቅር።

ልጅቷ ጥያቄዋን ደብተሯ ላይ ጽፋ መልሱን ክፍት ትታዋለች። እኔ የነገርኳትን ሳይሆን ጋዜጣው የሚለውን ነው የምጽፈው ብላለች። ቅዳሜ እንጠብቃችኋለን።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ የባቡር ሐዲድ ጥገና ሠራተኛ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ