ከ37ቱ አንዷ

ውድ እህት ዓለሜ፣

እንደ ድሮው «ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። አራት ዓመት ሙሉ ስልክሽን ሳላነሳ ከርሜ ደህና ነበርኩ ብልሽ ማን ያምነኛል?

አሁንም እዚያው አለም ገና ነኝ፣ መገንጠያው አጠገብ። ጭቃው ያው ነው። ጠዋት የሚቀሰቅሰኝም ያው የሚኒባስ ረዳት ነው፤ «ቡታጅራ! ቡታጅራ! አንድ ሰው የቀረው!»

የመጨረሻው መልእክትሽ ትዝ ይለኛል። ለእድገት ስትወዳደሪ የምርምር ጽሑፎችሽን ቆጥረው «ኤች ኢንዴክስሽ ዝቅ ያለ ነው» አሉሽ። እኔ የደም ምርመራ ውጤት መስሎኝ ደንግጬ ነበር። አንዱን ጽሑፍሽን ደግሞ «ማንም አልጠቀሰውም» ብለሽ አዘንሽ። መጥቀስ እኛ ሰፈር በዓይን ነው፤ ሳቄ መጣ፣ ይቅር በይኝ። አሁን ገብቶኛል፤ ሌላ ተመራማሪ በራሱ ጽሑፍ ውስጥ አላነሳውም ማለትሽ ነበር። ኤች ኢንዴክሱም ኸርሽ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ በ2005 እ.ኤ.አ. ያመጣው ስሌት ነው። አሥር ጽሑፍ ኖሮሽ እያንዳንዳቸው ቢያንስ አሥር ጊዜ ከተጠቀሱ ቁጥርሽ አሥር ይሆናል።

ይሄን ሁሉ ምን አስነበበሽ ትይኝ ይሆናል። ታናሽ ወንድሜ ታሞብኝ ነው። ሌሊት አይተኛም፣ ለብቻው ያወራል፣ ጎረቤቱ ሁሉ የሚከታተለው ይመስለዋል። እናቴ ጸበል ይዛው ሄደች። እኔ ደግሞ ለጠየቀኝ ሁሉ «አረብ አገር ሄዷል» አልኩ። ሰላም በይልኝ ብለሽ ስትደውዪ ላንቺም ያንኑ ነገርኩሽ። ሁለተኛ እንዳልዋሽሽ ብዬ ነው ስልክሽን ማንሳት የተውኩት። አንቺ እኮ ይሄንኑ በሽታ ነው የምታጠኚው! ከሰው ሁሉ አንቺን መደበቄ እስካሁን ያሳፍረኛል።

አንድ ሌሊት እሱ ሳሎን ሲንጎራደድ የጥናት ጽሑፎች የሚፈለጉበት ጎግል ስኮላር ላይ ስምሽን ፈለግኩ። ጽሑፎችሽ የሚጠቅሷቸውን፣ ከዚያ እነሱ የሚጠቅሷቸውን እየተከተልኩ ሄድኩ። ማረፊያዬ ሁልጊዜ ቡታጅራ ሆነ። ረዳቱ የሚጮህላት ቡታጅራ! የአእምሮ ሐኪሙ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ስዊድን ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬታቸው ያቀረቡት ጥናት ከዚያች ገጠር የተገኘ ነው። በኋላም ከነ ተመራማሪው ደረጀ ከበደ ጋር ሆነው ቤት ለቤት ከ68,000 በላይ ሰው አስጠየቁ። ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው ውስጥ የበሽታውን መድኃኒት ወስዶ የሚያውቀው ከመቶ አሥር አይሞላም ነበር።

ያስለቀሰኝ ግን እዚያው ቡታጅራ ያጠኑት የነ ተሾመ ሽብሬ የ2001 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ ነው። የጠየቁት የታማሚዎቹን ዘመዶች ነው፤ 178 ሰው። ከመቶ 75ቱ በዘመዳችን ሕመም ምክንያት መገለል አለብን አሉ። 37ቱ ደግሞ መታመሙን መደበቅ እንፈልጋለን አሉ። 37ቱን ሳነብ በሌሊት ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ቡታጅራ ሄጄ አላውቅም፣ ማንም መጥቶ አልጠየቀኝም። ግን መዝግበውኛል።

ከጽሑፉ ሥር ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ይላል። እዚያ ውስጥ እኔ አልተቆጠርኩም።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። የመጀመሪያው ቦታ ያንገላቱን ነገር ይቅር፤ ስትመጪ እነግርሻለሁ። ሁለተኛው ላይ ያገኘናት የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት ገና ልጅ ናት፣ እዚሁ የተማረች። ትምህርቱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር። ከዚያ በፊት ለዚህ ትምህርት ባሕር መሻገር ነበር። ተማሪ አስተምሮ ማውጣቱን እነዚያ ቆጣሪዎችሽ የት ላይ ነው የሚጽፉት?

ወንድሜ መድኃኒቱ አወፍሮታል፣ በዚያ ይነጫነጫል። ግን ይተኛል። ጸበሉንም አልተወም፤ ሐኪሟ «መድኃኒቱን እስካላቋረጥክ ድረስ ሂድ» ብላዋለች። እሁድ እሁድ ኳስ ያያል። አርሰናል ሲሸነፍ ሲሳደብ ስሰማ ደስ ይለኛል፣ የድሮው ልጅ ነው የሚመስለኝ።

ያንን ማንም አልጠቀሰውም ያልሽኝን ጽሑፍ ላኪልኝ። እንግሊዝኛው ከከበደኝ መጥተሽ ታስረጂኛለሽ። መገንጠያው ጋ ስትደርሺ ደውዪ፤ ቁጥሬ ያው ነው። አሁን አነሳለሁ።

ያንቺው