ተበተነ፣ ተዘጋ ወይስ እረፍት ወጣ?

ክቡር አዘጋጅ፣

የእንግሊዝ ፓርላማ ነገር ዜና በሆነ ቁጥር ጋዜጦቻችን «ንግሥቲቱ ፓርላማውን በተኑ»፣ «ንጉሡ ፓርላማውን አገዱ»፣ «ፓርላማው ለእረፍት ተዘጋ» እያሉ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃሉ። የቃላት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባላስቸገርኋችሁ ነበር። ነገር ግን አንዱን በሌላው ቦታ ማስገባት የዜናውን ፍሬ ይገለብጠዋል። በ2019 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ምክር የተደረገውን የፓርላማ መዝጊያ ሕገ ወጥ ብሎ ሽሮ ነበር፤ ያንን ፍርድ በአማርኛ ያነበበ ሰው ፍርድ ቤቱ ምን እንደሻረ ሳይገባው ቢቀር አይፈረድበትም። (የምጠቅሳቸው ዘመናት፣ ካልገለጽሁ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እረፍት ምክር ቤቶቹ ራሳቸው የሚወስኑት ነው፤ የንጉሡ እጅ የለበትም። ሲመለሱም ሥራው ካቆመበት ይቀጥላል። መበተን ደግሞ የተመራጮቹን ወንበር ያጠፋል፣ ምርጫም ይከተላል። በመካከል ያለው ፕሮሮጌሽን የሚባለው ነው። አባላቱ አባልነታቸውም ደመወዛቸውም አይነካም፤ መንግሥትም ሥራውን ይቀጥላል። የሚያበቃው የጉባኤው ዘመን ነው። እስኪከፈት ድረስ ሁለቱም ምክር ቤቶች አይሰበሰቡም፣ ኮሚቴዎችም ምስክር አይሰሙም፣ ሚኒስትርን ጥያቄ የሚጠይቅ መድረክ የለም። እኔ «የጉባኤ ዘመን መዝጋት» ብለው እመርጣለሁ። «የሥራ ዘመን» እንዳንል ቃሉ በእኛ አገር ለዓመቱም ለአምስት ዓመቱም ስለሚያገለግል መልሶ ያምታታል።

ሂደቱ የሚጀምረው ከአዳራሹ ሥነ ሥርዓት ቀደም ብሎ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለንጉሡ ምክር ያቀርባሉ። ስሙ ምክር ይሁን እንጂ በልማድ ንጉሡ እምቢ የሚሉት አይደለም። ከዚያ ፕሪቪ ካውንስል የሚባለው የንጉሡ አማካሪዎች ጉባኤ ይጠራል፤ ሦስት አባላት ከተገኙ ይበቃል። ማንም አይቀመጥም። ሰብሳቢው ትእዛዞቹን በየርእሳቸው ያነባል፣ ንጉሡ «ጸድቋል» ይላሉ፣ አለቀ። ኦገስት 28 ቀን 2019 በባልሞራል የሆነው ይኸው ነው። ያኔ የጉባኤው ሰብሳቢ የነበሩት ጄከብ ሪስ ሞግ ሁለት ባልደረቦቻቸውን ይዘው በንግሥት ኤልሣቤጥ ፊት ቆሙ፤ ትእዛዙም ፓርላማው ከሴፕቴምበር 9 ባልቀደመ፣ ከ12 ባልዘገየ ቀን ተዘግቶ ኦክቶበር 14 እንዲከፈት ይላል። በትእዛዙ መሠረት ታላቁ ማኅተም ያረፈበት የውክልና ደብዳቤ ይወጣል፤ ምክንያቱም ነገሥታቱ ለመዝጋት ራሳቸው መምጣት ከተዉ ቆይቷል። በአካል ተገኝተው የዘጉት የመጨረሻዋ ንግሥት ቪክቶሪያ ናቸው፣ በ1854።

ሥነ ሥርዓቱ የሚፈጸመው በሎርዶች ምክር ቤት ነው። ብዙውን ጊዜ አምስት የሚሆኑ የንጉሡ ወኪሎች ቀይ ካባ ለብሰው፣ በዙፋኑና ዉልሳክ በሚባለው ሱፍ የታጨቀበት መቀመጫ መካከል በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ይደረደራሉ። ብላክ ሮድ የሚባለው ባለ ጥቁር በትር ሹም ወደ ኮመንስ፣ ማለትም ወደ ተመራጮቹ ምክር ቤት፣ ይላካል። አፈ ጉባኤውና ተከትለውት የመጡት አባላት ከመግቢያው አጠገብ ባለው አጥር ይቆማሉ፤ አልፈው አይገቡም። እነሱ እጅ ሲነሱ ወንዶቹ ወኪሎች ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው ይመልሳሉ፤ ሴቶቹ ግን ባርኔጣቸውን ሳያነሱ ራሳቸውን ብቻ ዝቅ ያደርጋሉ።

የውክልናው ደብዳቤ ከተነበበ በኋላ የንጉሥ ፈቃድ የሚጠብቁ ሕጎች ካሉ ተራቸው ይደርሳል። አንዱ ጸሐፊ የሕጉን አጭር ርእስ ያነባል፣ ሌላው ዞር ብሎ በጥንታዊ የኖርማን ፈረንሳይኛ «ለ ሯ ለ ቬ» ይላል፤ ንጉሡ ይህን ይሻሉ ማለት ነው። ስለ ገንዘብ የወጣ ሕግ ሲሆን ቃሉ ይረዝማል፤ ንጉሡ መልካም ተገዢዎቻቸውን አመስግነው፣ ችሮታቸውን ተቀብለው ነው ፈቃዳቸውን የሚሰጡት። ከ1967 ወዲህ በሌላው ጊዜ ፈቃዱ በየምክር ቤቱ በአጭሩ ስለሚነገር ይህ ፈረንሳይኛ የሚሰማው በአብዛኛው በመዝጊያው ዕለት ነው። (የእምቢታው ቃል ከተሰማ ግን ሦስት መቶ ዓመት አልፎታል፤ የመጨረሻው በ1708 በንግሥት አን ዘመን ነበር።) በመጨረሻ የዓመቱ ሥራ የተዘረዘረበት ንግግር በንጉሡ ስም ይነበባል፣ ፓርላማው እስከዚህ ቀን ተዘግቷል ይባላል፣ አባላቱም ይበተናሉ። የምትበተነዋ ሰልፍ ነች እንጂ ፓርላማው አይደለም።

ካባውና ባርኔጣው ፎቶግራፍ ያሳምራል። ጉዳቱ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። የመዝጊያው ቃል ሲነገር ያላለቀ ረቂቅ ሕግ ሁሉ ይወድቃል፤ መልስ ያላገኘ የጽሑፍ ጥያቄም አብሮ ይቀራል። ማምለጫው ረቂቁ ወደሚቀጥለው ዘመን እንዲተላለፍ አስቀድሞ ውሳኔ ማሳለፍ ነው። በኮመንስ ይህ የሚሠራው ለመንግሥት ረቂቆች ነው፤ ረቂቁም ከጀመረበት ምክር ቤት ገና ያልወጣ መሆን አለበት፣ ከመጀመሪያ ንባቡ በ12 ወራት ውስጥም ካላለቀና ጊዜው ካልተራዘመለት ይሞታል። ተራ አባላት በግላቸው ያቀረቡት ረቂቅ ይህ ዕድል የለውም። በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ የተረቀቀውን ሕግ እንይ። በጁላይ 2019 ቀረበ፣ በሴፕቴምበሩ መዝጊያ ወደቀ፣ በፍርዱ ተነሣ፣ ኦክቶበር 2 ሁለተኛ ንባቡን አገኘ፣ በኖቬምበር ፓርላማው ለምርጫ በእርግጥ ሲበተን ዳግመኛ ወደቀ። ሕግ የሆነው በ2021 ነው።

ወደ ፍርዱ ልምጣ። መዝጊያ በተለምዶ የሚወስደው ጥቂት ቀናት ነው፤ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሜጀር ለፍርድ ቤቱ ሲያስረዱ ለአዲስ ጉባኤ መሰናዳት ከ4 እስከ 6 ቀን ይበቃል ብለዋል። ቦሪስ ጆንሰን የጠየቁት አምስት ሳምንት ነበር፣ አገሪቱ ከአውሮፓ ኅብረት ልትወጣ የተቀጠረችው ደግሞ ኦክቶበር 31። ሴፕቴምበር 24 አሥራ አንዱ ዳኞች በአንድ ድምፅ እንዲህ አሉ፦ መዝጊያው በቂ ምክንያት ሳይኖር ፓርላማውን ከሥራው የሚያግድ ከሆነ ሕገ ወጥ ነው፤ እዚህ ደግሞ በቂ ይቅርና ይህ ነው የሚባል ምክንያት አልቀረበም። መንግሥት ሥነ ሥርዓቱ የተፈጸመው በፓርላማ ውስጥ ስለሆነ በ1689ኙ የመብቶች ድንጋጌ መሠረት ፍርድ ቤት አይነካውም ብሎ ነበር። የዳኞቹ መልስ ለእኔ የፍርዱ ምርጥ ክፍል ነው። ነገሩ በአዳራሹ ውስጥ ይከናወን እንጂ የፓርላማው ሥራ አይደለም፤ ከውጭ የተጫነ ነው፣ አባላቱ አይናገሩበትም፣ ድምፅም አይሰጡበትም። ስለዚህ ወኪሎቹ ባዶ ወረቀት ይዘው የገቡ ያህል ተቆጠረ።

ባዶ ወረቀት ማለት ምን እንደሆነ የሚታየው በአንድ ሕግ ላይ ነው። በሴፕቴምበሩ የመዝጊያ ሌሊት ሥነ ሥርዓት የፓርላማውን ሕንፃ ለማደስ የወጣው ሕግ የንግሥቲቱን ፈቃድ አግኝቶ ነበር። መዝጊያው እንዳልነበረ ሲቆጠር ፈቃዱም አብሮ ጠፋ፤ ኦክቶበር 8 እንደገና መሰጠት ነበረበት። ያ ሁሉ ባርኔጣ ማንሣት ከንቱ ሆኖ ቀረ።

የእኛም አገር ሕግ ይህን ልዩነት ያውቀው ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 33 ንጉሠ ነገሥቱ የፓርላማውን ጉባኤ ከ30 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ሊያቋርጡ እንደሚችሉ ይፈቅድና መበተንን ለብቻው ያስቀምጣል። ከተበተነ በአራት ወር ውስጥ አዲሶቹ ምክር ቤቶች መሰብሰብ አለባቸው። እንግሊዞች ጋ ለመዝጊያው እንዲህ በቁጥር የተጻፈ ጣሪያ የለም፤ ዳኞቹም የቀን ብዛት ከመወሰን ይልቅ ምክንያት የጠየቁት ለዚህ ይመስለኛል።

እናም ከለንደን ዜና ሲመጣ ርእሱን ከመስጠታችሁ በፊት ማን ወሰነ፣ ወንበሮቹ አሉ ወይስ ጠፉ፣ ረቂቆቹስ ምን ሆኑ ብላችሁ ብታጣሩ ትክክለኛው ቃል አይጠፋችሁም። «ፍርድ ቤቱ የተበተነውን ፓርላማ መለሰው» የሚለው አነጋገር ግን በምንም በኩል አይሄድም። አፈ ጉባኤ ጆን በርኮው ራሳቸው ለሴፕቴምበር 25 ስብሰባ ሲያስታውቁ ፓርላማው «ተመልሶ ተጠራ» እንዳይባል ተጠንቅቀዋል፤ ተዘግቶ አያውቅማ!

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ